ደንገጎ ላይ የምትንቀጠቀጥ መኪና፦ የአምስት ሳምንት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017

ዛሬ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስንወጣ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። የመንገዱ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ያንን መንገድ እንደ ቤቴ ደጃፍ አውቀዋለሁ፤ የቱ ጋ እንደሚያንገጫግጭ ከመድረሳችን በፊት እነግራችኋለሁ። ይሄ ሌላ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት እንደያዝን፣ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ፣ ከመቀመጫዬ ሥር እርርር የሚል ነገር ተነሣ። የማርሹ እጀታ መዳፌን ነዘረኝ። በር ኪስ ውስጥ ያለው የውሃ ፕላስቲክ መንጫጫት ጀመረ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሣ ጠፋ። ስረግጥ ተመለሰ።

«ሰማሽው?» አልኳት ባለቤቴን።

«ምኑን?»

«ድምፁን ነዋ!»

«አቦ፣ መንገዱ ነው» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ሐሮማያ ሜዳው ላይ በ90 ስሄድ ደግሞ መሪው በስሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይኸኛው እርርር አይልም፤ የቡና ሲኒ በእጁ ይዞ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ከግቢ ስወጣ ከሥር የሆነ ቆርቆሮ ዝዝዝ ሲል የሰማሁ መስሎኛል። ሐረር ሸዋ በር ጋ ስንደርስ ከጎናችን አንድ ፔጆ 404 ታክሲ ቆመ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። በሩም፣ ኮፈኑም፣ ማርሚታውም በየራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። ሹፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ዘና ብሏል። አዲስ መኪና የያዘ ሰው ነው እንደዚህ የሚሰቃየው። ዝም ያለ ቤት ውስጥ የአንድ ትንኝ ድምፅ እንቅልፍ ይነሣል።

እሑድ፣ የካቲት 9

ደብተር ገዛሁ። ሁሉንም ልጽፍ ነው።

መኪናዋ የ2022 ሞዴል ትንሽ ሴዳን ናት። ቤንዚን፣ ማኑዋል ማርሽ፣ የምትጎተተው በፊት እግሮቿ። 46,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ግጭት የላትም። ሰርቪሷን አላሳለፍኩም።

እኔ ሜካኒክ አይደለሁም፤ የሕክምና ላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የደም ናሙና ሴንትሪፊውጅ ውስጥ አሽከረክራለሁ። ሴንትሪፊውጅ ውስጥ አንድ ቱቦ ካስገባችሁ ትክክል ፊት ለፊቱ እኩል የሚመዝን ሌላ ቱቦ ማስገባት ግድ ነው። ረስታችሁ ካስነሣችሁት ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ መራመድ ይጀምራል። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ አራምጄዋለሁ። የሚሽከረከር ነገር ሚዛን ሲያጣ ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ ማለት ነው። ሌላው ከሥራዬ ያገኘሁት ነገር፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። (ይህን ዓረፍተ ነገር ከሁለት ቀን በኋላ እንዴት እንደረሳሁት ታያላችሁ።)

ለማንኛውም ንዝረት ሦስት ጥያቄ አለኝ። ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ነው የሚሄደው? ከሞተሩ ዙር ጋር ነው? ወይስ ነዳጅ ስረግጥና ስለቅ ነው የሚለዋወጠው? ከፍጥነት ጋር ከሄደ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቀለበት)፣ ሰሚያስ (ከካምቢዮ ወደ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ) እጠረጥራለሁ። ከሞተር ዙር ጋር ከሄደ ሞተሩንና በላዩ የታሰሩትን። በጭነት ከመጣ ደግሞ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች ወይም ጉልበት ወደ እግር የሚያደርሱትን።

ዛሬ ግቢ ውስጥ ቆማ ሞከርኳት። ፎሌ አድርጌ ዙሩን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግሁ። ወደ 2,000 ዙር ስትደርስ ዝዝዝ አለች። ትላንት መስሎኝ የነበረው እውነት ነው። 2,300 ላይ ጠፋ። እርርሩ ግን የለም፣ የመሪው መንቀጥቀጥም የለም። ጎረቤቴ ኮፈኑን ከፍቶ እያየልኝ፣ የእጅ ፍሬን ይዤ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በስሱ ለቀቅ አደረግሁ። ሞተሩ ትንሽ ጎንበስ አለ እንጂ አልዘለለም። የሞተር ጎማዎቹ ደህና ይመስላሉ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሳቢያን ያለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። አራቱንም ባላንስ አደረገልኝ። በጣም ሚዛን ያጡት የፊት ሁለቱ ነበሩ። እዚያው ላይ «ብሮ፣ የፊቱን ወደኋላ ላዙርልህ? ጎማው እኩል እንዲበላ» አለኝ። «አዙረው» አልኩት።

ማታ አልጋ ላይ ነው የገባኝ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቀየርኩ። አሁን ቢሻላት ባላንሱ ነው ወይስ ጎማው ቦታ መቀየሩ? ተማሪዎቼ ይህን ቢሠሩ ውጤቱን ቀድጄ ነበር የምጥለው።

ለማንኛውም በ90 መሪው አልተንቀጠቀጠም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ባልደረባዬ ወደሚያውቀው አንድ ጋራዥ ወሰደኝ። ሰውየው መኪናዋን ሳይነዳ፣ ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ኩሽኔታ ነው፤ ሁለቱንም የፊት እንቀይራለን፤ የሞተር ጎማም እግረ መንገድ» አለኝ። እንዴት አወቅክ ስለው «ይሄ ሞዴል በሽታው ነው» አለ። በከሰዓቱ ሙቀት ልጣላው አልፈለግሁም። ተመልሼ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። እንደማልመለስ ሁለታችንም አውቀናል።

ማታ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ቢሆንስ? ስለዚህ ክሪክ አውጥቼ የፊት እግሮቿን በየተራ አነሣሁ። የተበላሸ ኩሽኔታን ለመያዝ ጥሩ ዘዴ አለ። ጎማውን በአንድ እጅ እያሽከረከሩ ሌላውን እጅ ከላይ ሞላው ላይ ማሳረፍ ነው። የተጎዳ ከሆነ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ሞላው ላይ ይሰማል። ጣት ጆሮ የማይሰማውን ይሰማል። በሁለቱም በኩል ምንም የለም። ጎማውን ላይና ታች ይዤ ነቀነቅኩት። አይላወስም።

(ለምትሞክሩት፦ ክሪክ ላይ ብቻ ያለ መኪና ሥር አትግቡ። ድንጋይም ብሎኬትም ድጋፍ አይደለም፤ ብሎኬት ሳይነግራችሁ ይፈርሳል።)

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

የመሪው መንቀጥቀጥ ተመለሰ። ትላንት ደንገጎን ወርጄ ነበር። ዛሬ በ90 ሽማግሌው ሲኒውን ይዞ ተመልሷል። አራት ቀን ብቻ ነው የታገሠው። ባላንስ የተደረገ ጎማ በአራት ቀን እንዴት ሚዛን ያጣል?

እሑድ፣ የካቲት 16

ዛሬ ቅበላ ነው። ነገ ጾም ይገባል። ዶሮው ምሳ ላይ ስለሚደርስ ጠዋት 12 ሰዓት ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

የሄድኩት ወደ ደወሌ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው። እንደዚህ ላለ ሥራ ድሬ ልዩ ከተማ ናት። በአንድ በኩል ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሜዳ መንገድ አላት። በሌላው በኩል ደንገጎ አለ። ድሬ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ያ ሁሉ ልዩነት ከሞላ ጎደል ደንገጎ ላይ ነው የሚከፈለው። ሜዳው ፍጥነትን ብቻ ለይቶ ያሳየኛል፣ ዳገቱ ጭነትን። ላቦራቶሪ ውስጥ እንኳ እንደዚህ በግልጽ የተለየ ነገር አላገኝም። እስከ ዛሬ ሁለቱን እየደባለቅሁ ነበር።

ከጭነት መኪኖቹ ራቅ ብዬ ያየሁት ይኸው ነው። በ60 ምንም የለም። ከ80 በኋላ መሪው ይጀምራል። 95 እና 100 መካከል ላይ በደንብ ይንቀጠቀጣል። 110 ላይ እንደገና ይቀንሳል። በ100 ላይ ፎሌ አድርጌ ለቀቅኋት፤ ንዝረቱ ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ ሞተሩ የለበትም፣ ጭነትም የለበትም። የሚሽከረከር ነገር ነው። መንገዱ ባዶ ሲሆን ቀስ ብዬ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዝኳት። ኩሽኔታ ቢሆን ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲያርፍ ድምፁ ከፍ፣ ሲነሣለት ዝቅ ይል ነበር። አላለም። የጋራዡ ሰውዬ በዚህች ተረታ።

ዋናው ግን ይኼ ነው፦ እርርሩ በጭራሽ አልመጣም። ሜዳ ላይ የለም። በሽታው ሁለት ነው። ቆርቆሮው ሲጨመር ሦስት። አንድ በሽታ ነው ብዬ ስለያዝኩት ነበር ምልክቶቹ እርስ በርስ የሚጣሉብኝ።

ለዶሮው ደረስኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ጎሚስታው ጋ ተመለስኩ። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት። ልጁ ግን ሳይከራከር ጎማዎቹን አወጣ። የኋላ ቀኝ ደህና። የኋላ ግራ ደህና። የፊት ግራውን ቸርኬ ገልብጦ ውስጡን ሲያየው ሳቀ።

«ና እይ።»

የአሎይ ቸርኬ ክብደት ከውስጥ በኩል የሚለጠፍ ነው፤ እንደ ቸኮሌት የተከፋፈለች ትንሽ ብረት ናት። ባለፈው ማክሰኞ ሲለጥፍ አይቼዋለሁ። አሁን ቦታው ላይ አቧራ ያልነካው ንጹሕ አራት ማዕዘን ብቻ አለ። ጠርዙ ላይ የማጣበቂያው ክር ተንጠልጥሏል። ክብደቱ የለም። በድሬና በሐረር መካከል የሆነ ቦታ ላይ ወድቋል።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። የፍሬን አቧራና ቅባት የተቀባ ቸርኬ ላይ በደንብ ሳይጸዳ ተለጠፈ። ዓርብ ደንገጎን ስወርድ ፍሬኑ ጋለ፣ ቸርኬው ውስጡ ጋለ፣ ማጣበቂያው ለቀቀ። ልጁም «እውነትህን ነው፣ በጨርቅ ብቻ ነው የጠረግኩት» አለ። ይህን ያመነ ባለሙያ ይከበራል። ዛሬ በቤንዚን አጠበው፣ አደረቀው፣ ለጠፈው፣ በጣቱ ለረጅም ጊዜ ጫን ብሎ ያዘው። ገንዘብ አልተቀበለኝም።

በዚያው የፊት ጎማዎቹን አየር ለካን። አንዱ 40 ሆኖ ተገኘ። በሩ ላይ የተለጠፈው 32 ይላል። በጠራራ ፀሐይ የጋለ ጎማ ሲለካ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አውቃለሁ፤ 40 ግን ሙቀት ብቻ አይደለም። ነገ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ድጋሚ እለካዋለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ረመዳን ዛሬ ገባ። ጾማችን ሰኞ ጀምሯል። ድሬ ውስጥ ቀን የሚበላ ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል።

ወደ ሐረር ወጣን። ደንገጎ ላይ፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ 60፣ ነዳጅ ረገጥ፦ እርርር። እንደጠበቅኩት። ሐሮማያ ላይ በ95፦ መሪው ጸጥ። የመጀመሪያው በሽታ ተዘጋ። ስመለስ ዳገቱን ወርጄ በዚያው 60 ላይ ጠበቅኩት፤ የለም። እንግዲህ እሱ የሚናገረው ሞተሩ እግሮቹን አጥብቆ ሲገፋ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ጨርቅ ልታሰፋ መኪና ግርግር ገባች። መኪና ግርግር የጁገል ውስጥ የሰፊዎች መንገድ ነው። መኪና የተባለው የስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩ የእነሱ ድምፅ። በድምፁ የተሰየመ መንገድ ማለት ነው። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቃት አንዱ ሰፊ እየሰፋ ሳለ ቀና ብሎ ማዶ ላለው ጎረቤቱ «የአንተ መርፌ ተጣሟል» አለው። ጎረቤቱ አቆመ፣ አየ፣ መርፌውን ነቅሎ ጣለ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል። ከቅናት ጋር ነው የጻፍኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

የቆርቆሮው ጉዳይ ዛሬ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ 2,000 ዙር ላይ ጎረቤቴ ነዳጅ እንዲይዝልኝ አደረግሁና ጓንት አድርጌ፣ በረጅም የመጥረጊያ እንጨት ከፊት በኩል እየነካካሁ ሄድኩ። አንዱን ላሜራ ጫን ሳደርገው ዝዝዙ ቆመ። ማርሚታው ላይ ሙቀት የሚከልለው ስስ ላሜራ ነው። አንዱ ቡሎን ዙሪያው በዝገት ተበልቶ ላሜራው ላላ ብሏል። ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ነው ከሰዓት የማይሰማው። በትልቅ ፋሼታ አሰርኩት። ዋጋው የአንድ ማኪያቶ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

አሁን የቀረው እርርር ብቻ ነው። ዛሬ ስልኬን አሠራሁት።

ፊፎክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። የጀርመኑ አኸን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የፊዚክስ ሙከራ እንዲሠራበት ያዘጋጁት ነው። ስልክ ውስጥ ያለውን የእንቅስቃሴ መለኪያ ተጠቅሞ ንዝረቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሆነ በሥዕል ያሳያል። ስልኩን በሁለቱ መቀመጫ መካከል ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣበቅሁት። በማስደገፊያ ላይ ብሰቅለው የሚለካው የማስደገፊያውን ንዝረት ነው።

ከዚያ በፊት ሒሳቡ። ጎማዬ 185/65 አር 15 ነው። ዙሪያው 1.95 ሜትር ይሆናል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናዋ በሰከንድ 16.7 ሜትር ትሄዳለች። ለ1.95 ሲካፈል፣ ጎማው በሰከንድ 8.5 ጊዜ ይዞራል። የጎማ ሚዛን ቢሆን ሥዕሉ ላይ 8.5 አካባቢ ጫፍ መታየት አለበት። ሞተሩ ቢሆንስ? አራት ሲሊንደር ነው፤ በአንድ ዙር ሁለቴ ያቀጣጥላል። በ3,000 ዙር በሰከንድ 100 ማለት ነው። እጅግ ይርቃል።

ባልደረባዬን ከጎኔ አስቀምጬ ደንገጎን ወጣን። እሱ ስልኩን ያያል፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። ከላይ ከአወዳይ የሚመጡት ጫት የጫኑ አይሱዙዎች እንደሚታወቁት ነው የሚወርዱት፤ በዚያ መንገድ ላይ ስልክ እያየ የሚነዳ ሰው ድፍረቱ አይደለም የሚደነቀው።

«25» አለ። «25 ተኩል። ጫፉ እንደ ሚናራ ቆሟል።»

8.5 በ3 ሲባዛ 25.5 ነው።

ሁለት ጊዜ ደገምኩት። በ50 ሲሆን 21 አካባቢ። ጎማው በ50 ሲሄድ በሰከንድ 7.1 ይዞራል፤ በ3 ሲባዛ 21.3። ጎማው አንድ ዙር ሲዞር የሆነ ነገር ሦስት ጊዜ ይመታል። ምን ነገር ነው ከጎማው እኩል የሚዞርና ሦስት ሦስት የሚመታ?

ሰሚያሱ ከጎማው እኩል ይዞራል። ከካምቢዮው ጋ የሚገናኘው የውስጠኛው ሲቪ ጆይንት (የሰሚያሱ ማጠፊያ) ደግሞ ሦስት ክንድ አለው። በእያንዳንዱ ክንድ ላይ አንድ ተሽከርካሪ ቀለበት አለ፤ ሦስቱ ቀለበቶች ሦስት ቦይ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታሉ። ቦዩ ካልተበላና ግሪሱ ካለ ጸጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ከተበላ ግን ጉልበት በተጫነ ቁጥር እያንዳንዱ ቀለበት ቦዩ ውስጥ ትንሽ ይነካከሳል። ነዳጅ ሲረገጥ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፣ የሰሚያሱ ማጠፊያም ይበልጥ ይጎብጣል። ደንገጎ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ወደ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ተላክሁ። በወጣትነታቸው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠርተዋል። ጾም ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠሩት። ደብተሬን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። እስከዚያ ድረስ ማንም ያነበበልኝ ሰው አልነበረም፤ ደስ አለኝ።

«ሦስት ጊዜ ነው ያልከው፣ ልጄ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኛ የባቡሩን እግር በመዶሻ መትተን ነበር የምናዳምጠው። ያልተሰነጠቀው ይዘምራል። ያንተ ስልክ ይሄንን ነው ያደረገው» አሉና ሳቁ። «ግን እስቲ በዓይናችን እንየው።»

መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆምናት። እሳቸው ባትሪ ይዘው ወረዱ። ብዙም አልቆዩም። ጠሩኝ።

የቀኙ ሰሚያስ የውስጠኛው ጆይንት ላይ ግሪስ የሚይዘው ጎማ ሽፋን አለ። አልተቀደደም። ስለዚህ ነው ጎሚስታው ጋ ጎንበስ ብዬ ሳየው ያለፍኩት። ግን በጠባቡ ጫፍ በኩል የሚያስረው ቀጭን ብረት ላልቷል። በዚያ በኩል ግሪሱ እየወጣ ከላይ ባለው ብረት ላይ ተረጭቷል፤ አንድ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር። የሚሽከረከር ነገር የጻፈው መስመር። ሽማግሌው በሌባ ጣታቸው ጠረጉና በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ጣቴን ያዙና አስነኩኝ። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ውስጡ ግን አሸዋ። በጣቶቼ መካከል ይንከረከራል። የድሬ አሸዋ።

«የወጣው ግሪስ አይደለም ችግሩ» አሉ። «በወጣበት የገባው ነው።»

ያን ቀን መጨረስ አልቻልንም። እሳቸው ግን መለዋወጫ ከማዘዛችን በፊት ማረጋገጫ አመጡ። ሰሚያሱን ሳናወጣ ሽፋኑን ወደኋላ ገፍተው የቻሉትን ያህል አሮጌ ግሪስ ጠረጉ፣ አዲስ ጥቁር የሞሊብዲነም ግሪስ ሞሉ፣ ሽፋኑን በአዲስ ማሰሪያ አሰሩ። «ዳገቱን ውጣበት። ከቀነሰ እሱ ነው። ካልቀነሰ ገንዘብህን አታውጣ።»

ከሰዓት ወጣሁ። ቀንሷል። አልጠፋም፣ ግን ግማሽ ሆኗል። ፊፎክስ ላይ ሚናራው አጥሯል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሰሚያሱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ስንፈታው የግራ ነው። ግራና ቀኝ ርዝመታቸው ይለያያል፤ በእኔ መኪና የቀኙ ይረዝማል። በስልክ «ቀኝ» ብዬ ነበር። ሻጩ ከመኪናው ፊት ቆሞ ነው ያየው፤ እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ ነው የተናገርኩት። ከእንግዲህ «የሹፌር ጎን» ወይም «የጋቢና ጎን» ነው የምለው። ተመለሰ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ደብተር ባለቤቴ ታነባለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ትክክለኛው ማክሰኞ ደረሰ። ዛሬ ጠዋት ተገጠመ።

የመሃሉን ትልቅ ዳዶ መፍታት ነበር ከባዱ። መኪናዋ በአራት እግሯ መሬት ላይ ሳለች፣ ፍሬን ተይዞ ነው የሚላላው። እኔ ፍሬን ያዝኩ፤ የጋሼ ረዳት በረጅም ቧንቧ ቁልፉን ረገጠው። ጧ አለ። ከዚያ በኋላ ፈጣን ነው። የታችኛው ክንድ ኳስ ተፈታ፣ የጎማው ማዕከል ወደ ውጭ ተገፋ፣ ሰሚያሱ ከካምቢዮው ተነቀለ። የካምቢዮ ዘይት ስለሚፈስ ሥሩ ላይ ንጹሕ ገንዳ አስቀምጠን ነበር። ኦይል ሲሉንም እግረ መንገድ ቀየርነው፤ የተከፈተ በር እንደገና ለአንድ ጎማ ቀለበት አይከፈትም።

አሮጌውን ጆይንት ጋሼ በቤንዚን አጥበው ሰጡኝ። ቦዩን በጥፍሬ ሄድኩበት። ለስላሳ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ከዚያ ጥፍሬ ገደል ገባ። ሰፊ አይደለም፤ የጥፍር ውፍረት የምታህል ጉድጓድ ናት። ሦስቱም ቦይ ላይ አለች፣ አንድ ቦታ ላይ። ከቀለበቶቹ አንዱ ደግሞ በእጅ ሲዞር መሃል ላይ ይያዛል። ከዚህች የተነሣ ነው ባለቤቴ የውሃ ላስቲኳን በሁለት እጇ ይዛ ሐረር ትወጣ የነበረው። ጆይንቱን ሥራ ቦታዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

አዲሱ ገባ። ዳዶው በመመሪያው ልክ ጠበቀ። ዘይት ተሞላ። ጋሼ እጃቸውን እየታጠቡ «አሁን ውጣ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እሰማሃለሁ» አሉ።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ደንገጎ። ሦስተኛ ማርሽ፣ 50፣ 60፣ 70። ነዳጅ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ። የማርሹ እጀታ ዝም። ፊፎክስ ላይ 25 ተኩል ቦታው ላይ ሣር እንኳ የለም። ባለቤቴ በዳገቱ እኩሌታ ላይ ከስልኳ ቀና አለች።

«ዛሬ መንገዱን ሠርተውታል እንዴ?»

አልመለስኩላትም።

ሐረር ደርሰን የጎማ ዳዶዎቹን በቁልፍ ዳግም ፈተሽኳቸው። ጎማ በተነቀለ ቁጥር ጥቂት አሥርት ኪሎ ሜትሮች ከተሄደ በኋላ መፈተሽ አለባቸው። አንዱ ሩብ ዙር ወሰደ። ለጋሼ ደወልኩና አመሰገንኳቸው፤ ለፍጥር የሚሆን ሳምቡሳ ይዤ እንደምመጣ ነገርኳቸው።

ስንወርድ ግን፣ አሁን ሁሉም ጸጥ ስላለ፣ ከኋላ ቀኝ በር በኩል የሆነች ጭጭ የምትል ነገር ሰማሁ። ጎርባጣ ላይ ብቻ። ደብተሩ ላይ ጽፌያታለሁ። እሷን ከኢድ በኋላ።